ሦስት የነፋስ ማመንጫዎች፣ ሦስት ዓይነት ካርታ፦ የኬንያ ገጠር ተቃውሞ ከየት ይመነጫል?

ኬንያ ውስጥ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በአካባቢው ሰው ተቃውሞ በተደናቀፈ ቁጥር ሁለት ማብራሪያዎች ይደመጣሉ። አንደኛው “ሕዝቡ አልገባውም፣ የበሬ ወለደ ወሬ አሳስቶት ነው” የሚል ነው። ሁለተኛው “የውጭ ባለሀብት የድሃ መሬት ሊቀማ መጥቶ ነው” ይላል። ሁለቱም ከእውነት የየራሳቸውን ቁራሽ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን የሚከተለውን ማስረዳት ያቅታቸዋል። ኪናንጎፕ ላይ የታቀደው ማመንጫ ኃይል ሳያመነጭ ተሰረዘ። ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ተሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ኃይል እያመነጨ ሳለ የመሬቱ ሰነድ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ከናይሮቢ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ኪፔቶ ደግሞ ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸር ያለ ብዙ ጫጫታ ይሽከረከራል። አገሩ አንድ ነው፤ ኃይሉን የሚገዛው ድርጅትም፣ ኬንያ ፓወር፣ አንድ ነው።

ልዩነቱን ለማግኘት ዓይንን ከተርባይኑ አንስቶ ተርባይኑ የቆመበትን መሬት ማየት ያስፈልጋል። መሬቱ በማን ስም ነው? ወረቀቱስ ምን ዓይነት ነው? እኛ በከተማ “ካርታ”፣ በገጠር “ደብተር” የምንለው ሰነድ በሦስቱ ቦታዎች ሦስት ዓይነት ነበር፤ ተቃውሞውም መልኩን የያዘው ከዚያ ነው። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የቱርካናው ማመንጫ የሚገኝበት የማርሳቢት ካውንቲ (ካውንቲ የኬንያ የአስተዳደር እርከን ነው) ከቦረና ጋር ድንበር ይጋራል። የቱርካና ሐይቅ ውሃ አብዛኛው የሚገባው ከኦሞ ወንዝ ነው። በነፋሱም ቢሆን የእኛ ተራሮች እጅ አለበት። (ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነፋሱን የሚያፈጥነው

ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው አየር ኬንያን ሲያቋርጥ በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ደጋ፣ በሌላ በኩል የኬንያ ደጋ ይጠብቁታል። በመካከላቸው ያለው ቆላ እንደ ጠባብ በር ነው። አየሩ በዚያ በር ተጨናንቆ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለች ቀጭን መተላለፊያ ነፋስ እንደሚበረታው ማለት ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህን “የቱርካና ጄት” ይሉታል፤ ጄት ሲሉ ጠባብና ፈጣን የአየር ጅረት ማለታቸው ነው። ማመንጫው በተተከለበት በሎያንጋላኒ አካባቢ የነፋሱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ቁጥር ባለሀብት ለምን እንደሚያጓጓ ለመረዳት አንድ የሙያ ቃል ይበቃል፤ “የማምረት ምጣኔ” ይባላል። አንድ ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ባለ በሌለ አቅሙ ቢሠራ ሊያመርት ከሚችለው ኃይል ውስጥ በእርግጥ ያመረተው ስንት እጁ እንደሆነ ይለካል። በየብስ ላይ ላሉ ብዙ የነፋስ ማመንጫዎች ከ25 እስከ 35 በመቶ ደህና ውጤት ነው። ለቱርካናው ገና ሲታቀድ ከ50 በመቶ በላይ ታስቦለት ነበር። በዚህ ሥራ ደግሞ “እዚህ ካልተፈለግን ሌላ ቦታ እንሂድ” ማለት ቀላል አይደለም። ለናፍጣ ጄነሬተር ነዳጁ በቦቴ ይመጣለታል፤ ተርባይን ግን ራሱ ነፋሱ ወዳለበት መሄድ አለበት። ጥሩ ነፋስ ያለው ደግሞ ወይ ገላጣ ቆላ ላይ ነው፣ ወይ የደጋ ጠርዝ ላይ። አልሚዎቹ ደጋግመው የሚያንኳኩት የአርብቶ አደሩንና የደጋ ገበሬውን በር የሆነው ለዚህ ነው።

150,000 ኤከር

በ2007 የያኔው የማርሳቢት ካውንቲ ምክር ቤት ለሌክ ቱርካና ዊንድ ፓወር ኩባንያ 150,000 ኤከር መሬት በሊዝ እንዲሰጥ ወሰነ። ወደ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲመነዘር 607 ገደማ ይሆናል። መላው አዲስ አበባ 527 ያህል ነው። በዚህ ላይ የተተከሉት 365 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 850 ኪሎ ዋት፣ በድምሩ 310 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። በዛሬ መለኪያ ትናንሽ ናቸው፤ ትልልቆቹ ያልተመረጡበት አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው። ዕቃው ከሞምባሳ ወደብ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በከባድ መኪና ተጉዟል፤ ከላይሳሚስ እስከ ቦታው ያለውን የመጨረሻውን 208 ኪሎ ሜትር ደግሞ መኪኖቹ እንዲያልፉበት እንደገና መሥራት አስፈልጓል። ሳሪማ የምትባለው የአርብቶ አደር መንደር ለግንባታው ስትባል ከነበረችበት ተነስታ ሌላ ቦታ ሰፍራለች።

ሁለቱ ወገኖች ይህን መሬት የሚቆጥሩበት መንገድ ፈጽሞ አይገናኝም። ኩባንያው የሚቆጥረው ምሰሶው፣ መንገዱና ጣቢያው በአካል የያዙትን ቦታ ነው። ያ ሲታይ ከተከራየው መሬት እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው አልታጠረም፣ ከብቱም ይሰማራበታል። አርብቶ አደሩ የሚቆጥረው ወረቀቱን ነው። ዛሬ ፍየሎቹ በተርባይኖቹ ሥር ያልፉ ይሆናል። ነገር ግን ሰነዱ በሌላ ስም ከሆነ የሚያልፉት በባለቤትነት መሆኑ ቀርቶ በፈቃድ ይሆናል። ፈቃድ የሰጠ ሊነሳ ይችላል፤ ሰነዱም ለባንክ መያዣ ሊሆን፣ ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል። ስለ መሬት ነጠቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ አጥርና ጠመንጃ ይታሰባል። እዚህ አጥርም አልነበረም፤ ክርክሩ የተነሳው መዝገብ ቤት ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ነው።

ያ ወረቀት በሕግ እንዴት መውጣት ነበረበት? እስከ 2010 ድረስ ኬንያ ውስጥ ያሉ የግጦሽ መሬቶች አብዛኞቹ “የአደራ መሬት” ይባሉ ነበር። ባለቤቱ ነዋሪው ሲሆን የአካባቢው ምክር ቤት በአደራ ያስተዳድርለት ነበር። ምክር ቤቱ ከዚህ ላይ ቆርሶ ለሌላ መስጠት ቢፈልግ ሕጉ ደረጃዎችን አስቀምጦለታል። ለነዋሪው ማሳወቅ፣ የአካባቢው የመሬት ቦርድ ተቀምጦ ነዋሪውን እንዲሰማ ማድረግ፣ የቦርዱን አስተያየት ይዞ በድምፅ መወሰን፣ መብቱ ለተነካበት ሰው ካሣ መክፈል። የሬንዲሌ፣ የሳምቡሩ፣ የቱርካናና የኤል ሞሎ ማኅበረሰቦችን እንወክላለን ያሉ ከሳሾች በ2014 ፍርድ ቤት የሄዱት “ይህ አልተደረገም” ብለው ነው።

ሜሩ ከተማ የተቀመጠው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ጥቅምት 2021 ላይ ፈረደላቸው። የመሬቱ ሰነዶች የወጡት ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይከተሉ ነው አለ። ዳኞቹ ተርባይኖቹ ሥራ ያቁሙ አላሉም። የካውንቲው አስተዳደርና የመሬት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ነገሩን ሕጋዊ መስመር እንዲያስይዙ፣ ካልሆነ ግን ሰነዱ ተሰርዞ መሬቱ ወደ ማኅበረሰቡ እንዲመለስ አዘዙ። ዓመቱ አለፈ። ጊዜ ይጨመርልን የሚለውንም አቤቱታ ፍርድ ቤቱ በ2023 ሳይቀበል ቀረ። በዚያ ውሳኔ መሠረት፣ በወረቀት ደረጃ፣ ኬንያ ካየቻቸው የግል መዋዕለ ንዋዮች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ማመንጫ የቆመበትን መሬት አጣ፤ ክንፎቹ ግን ዛሬም ይዞራሉ።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቹን ጥያቄ ልብ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ከሳሾቹ ስለ ነፋስ ኃይል መጥፎነት አልተከራከሩም። “ሳንጠየቅ ነው” አሉ። የተጠየቁም ሰዎች አሉ፤ ኩባንያው ከአገር ሽማግሌዎችና ከነዋሪዎች ጋር ተደጋጋሚ ስብሰባ ማድረጉን ይገልጻል፤ በግንባታው ጊዜ ሥራ ያገኙ፣ መንገዱ የጠቀማቸው፣ ፕሮጀክቱን የሚደግፉ ነዋሪዎችም አሉ። ሆኖም የሽማግሌ ስብሰባና ሕጉ የሚለው የቦርድ ችሎት አንድ አይደሉም። ኩባንያው ሲደክምበት የኖረው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት የጠየቀው ስለ ሁለተኛው።

ከአናት በላይ የሚያልፍ መስመር

ማመንጫው ተርባይኖቹን ተክሎ የጨረሰው በ2017 ነበር። ኃይሉን ወደ መሐል አገር የሚወስደው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ግን አልደረሰም፤ መስመሩን የያዘው የስፔን ተቋራጭ ከስሮ ሥራው በመሐል ተቋረጠ። ተርባይኖቹ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ቆመው፣ መስመሩ የተገናኘው በ2018 መስከረም ነው። በኃይል ግዢ ውሉ መሠረት መስመር ማቅረብ የመንግሥት ግዴታ ስለነበር ባልመነጨ ኃይል ኬንያውያን ቢሊዮኖች ሽልንግ ከፈሉ። ይህ ክፍያ ናይሮቢ ላለውም ሰው ስለ ፕሮጀክቱ ያለውን አስተያየት አበላሽቶታል።

ለማርሳቢት ነዋሪ የከፋው ግን ሌላ ነው። ማመንጫው በ2019 ሲመረቅ የካውንቲው ዋና ከተማ ማርሳቢት ራሷ ከብሔራዊው መስመር ጋር ሳትገናኝ በናፍጣ ጄነሬተር ነበር የምትበራው። ይህን የሰማ ሰው ግፍ ነው ብሎ ቢነሳ አይፈረድበትም፤ የቴክኒክ ምክንያቱ ግን አለ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ኃይል በጣም ከፍ ባለ ቮልቴጅ ነው የሚላከው፤ አለበለዚያ በመንገድ ይባክናል። ያን ቮልቴጅ ለአንድ መንደር አምፖል ለማውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ጣቢያው ደግሞ ለጥቂት መቶ ቤት ብሎ የሚያዋጣ ወጪ አይደለም። ስለዚህ ሽቦው ከጎጆው አናት በላይ ያልፋል፤ ጎጆው ውስጥ ግን የሚበራው ኩራዝ ወይም ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። የቱርካናው መስመር የሚያርፈው ከናይሮቢ አቅራቢያ ባለው የሱስዋ ጣቢያ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያን ኃይል ለኬንያ የሚያደርሰው መስመርም የሚያርፈው እዚያው ሱስዋ ነው፤ መንገዱም በማርሳቢት በኩል ነው። የእኛው መስመር የሚሠራው በቀጥተኛ ጅረት (አቅጣጫውን በማይቀያይር፣ ቤት ውስጥ ከምንጠቀምበት በሚለይ የኤሌክትሪክ ፍሰት) ስለሆነ በመሐል ቆርጦ ለመንደር ማካፈል ከሌላው ይልቅ የከበደ ነው። የማርሳቢት አርብቶ አደር እንግዲህ ከአናቱ በላይ ሁለት የኃይል መስመሮች ያልፋሉ፤ አንዱ ከራሱ ነፋስ፣ አንዱ ከኢትዮጵያ ወንዞች። በግልገል ጊቤ ሦስት ምክንያት የሐይቁ ውሃ ይቀንሳል ብለው ለዓመታት ሲሰጉ የኖሩ ዓሣ አስጋሪዎችም እዚያው ሐይቅ ዳር ናቸው። “ልማት” የሚለው ቃል በዚያ አካባቢ የሚቀሰቅሰውን ጥርጣሬ ከዚህ ነጥሎ ማየት አይቻልም።

ሕጉም ቀዳዳ አለው። በ2019 የወጣው የኬንያ የኃይል አዋጅ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ከሚገኝ ኃይል የሚሰበሰበው የሮያሊቲ ክፍያ 75 በመቶው ለማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 በመቶው ለካውንቲው፣ 5 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሆን ይደነግጋል። ሮያሊቲ ማለት የተፈጥሮ ሀብት የሚጠቀም ድርጅት ለሀብቱ ባለቤት የሚከፍለው ድርሻ ነው። ለነፋስ ተመሳሳይ ድንጋጌ አዋጁ ውስጥ የለም። ከመሬት ሥር የሚወጣው እንፋሎት ባለቤት አለው፤ ከመሬት በላይ የሚያልፈው ነፋስ የማንም አይደለም እንደማለት ነው። በዚህ ምክንያት በነፋስ አካባቢዎች የሚሠራው ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ የሚመጣው ኩባንያው በበጎ አድራጎት ክንፉ በኩል ሲፈቅድ ነው። ለጋስነት መልካም ነገር ነው፤ ተቀባዩ ግን ሊጠይቀው የሚችለው መብት የለውም።

ኪናንጎፕ፦ ካርታ ያላቸው ገበሬዎች

ኪናንጎፕ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ደጋ ነው፤ ድንች፣ ጎመንና የወተት ላም የሚታይበት አገር። በቅኝ ግዛት ዘመን የነጭ ሰፋሪዎች እርሻ ነበር። ከነፃነት በኋላ ተቆራርሶ ለአነስተኛ ገበሬዎች ሲታደል እያንዳንዱ ገበሬ በስሙ ሰነድ አገኘ። እዚህ 60.8 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 38 ተርባይኖች ሊተከሉ ታቅዶ ነበር፤ ገንዘቡ ተገኝቷል፣ የኃይል ግዢ ውሉ ተፈርሟል፣ ተርባይኖቹም ታዝዘዋል። በ2015 መጀመሪያ ተቃውሞው ወደ ግጭት ተለውጦ ሰው በጥይት ሞተ። በ2016 የካቲት ባለሀብቶቹ ገንዘቡ አልቋል ብለው ፕሮጀክቱን ሰረዙት።

ወሬ በኪናንጎፕ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው መካድ አይቻልም። ተርባይኖቹ በሰውና በከብት ጤና ላይ ጉዳት ያመጣሉ፣ ሰው ሁሉ ከቀዬው ይነቀላል የሚሉ ወሬዎች ተሰራጭተዋል፤ ፖለቲከኞችም ገብተውበታል። ወሬው የበቀለበትን አፈር ግን ማየት ይገባል። ኩባንያው የኪራይ ውል የተዋዋለው ተርባይን ከሚተከልበት መሬት ባለቤት ጋር ነው። በጠባብ ማሳዎች አገር የአንዱ ተርባይን ከባለቤቱ ቤት ይልቅ ለጎረቤቱ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ኪራዩ ለአንዱ፣ ድምፁና ጥላው ለሌላው ይሆናል። ጎረቤት ፊርማው ስላልተፈለገ ቀድሞ የነገረው የለም፤ ስለዚህ ስለ ተርባይኑ የሚሰማው የመጀመሪያ ነገር ወሬ ነው። በዚያ ላይ አያቶቹ ከዚያው መሬት ተፈናቅለው፣ አባቱ መሬቱን መልሶ ያገኘ ሰው “ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ለኪራይ ነው” የሚል ውል ሲቀርብለት ቢጠራጠር የሚያስደንቅ አይደለም።

የኪናንጎፕ ገበሬ ከማርሳቢቱ አርብቶ አደር የሚለየው በእጁ ባለው ወረቀት ነው። ካርታው በስሙ ስለሆነ አልፈርምም ሲል ሥራው ይቆማል፤ መንገድ ቢዘጋ ሰሚ አለው፤ ለናይሮቢ ቅርብ ስለሆነ ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል ይደርሱለታል። የሎያንጋላኒው ሰው መሬቱ በስሙ ስላልነበረ ተቃውሞው ግንባታውን ለማቆም አልደረሰም፤ የቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነበር፣ እሱም ሰባት ዓመት ፈጀ። ኪናንጎፕ ላይ ተቃውሞው ፈጣንና ቁጡ፣ ቱርካና ላይ ደግሞ ዘገምተኛና በሰነድ የተሞላ የሆነው ሁለቱ ሕዝቦች በጠባይ ስለሚለያዩ አይመስለኝም።

ኪፔቶ እንዴት አለፈ?

ካጂያዶ ካውንቲ ውስጥ ያለው ኪፔቶ 60 ተርባይኖችና 100 ሜጋ ዋት አለው፤ በ2021 ሥራ ጀመረ። ምድሩ የማሳይ አርብቶ አደሮች ነው። ቀድሞ በወል የተያዘው መሬት ግን ከዓመታት በፊት ተሸንሽኖ ለቤተሰቦች በስም ተሰጥቷል። ማሳዎቹ ከኪናንጎፕ እጅግ ይሰፋሉ፤ ስለዚህ ተርባይንና ጎረቤት የመራራቅ ዕድል አላቸው። ኩባንያው ከእያንዳንዱ ባለመሬት ጋር ተዋውሏል፤ ከኪራዩ ሌላ ከገቢው ድርሻ ይከፍላል፣ ለባለመሬቶቹ ቤት ሠርቷል። ማኅበረሰቡም በፕሮጀክቱ ውስጥ 5 በመቶ ድርሻ በአደራ ድርጅት በኩል ይዟል።

ኪፔቶ ላይ ጎልቶ የወጣው ጥያቄ የአሞራ መሆኑ አንድ ነገር ይናገራል። አካባቢው ለመጥፋት የተቃረቡ ጥንብ አንሳ አሞሮች የሚያንዣብቡበት ስለሆነ ባለሙያዎች ሰማዩን እየተመለከቱ፣ አሞራ ሲቀርብ ተርባይን እንዲቆም ያዝዛሉ። የመሬቱ ነገር ሲፈታ ለሌሎች ጥያቄዎች ቦታ ይገኛል።

ኪፔቶን እንደ ምሳሌ ይዞ “ይኸው መፍትሔው፣ መሬቱን ሸንሽኖ ካርታ መስጠት ነው” የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማሳይ መሬቱን ሲሸነሽን ለነፋስ ተርባይን ብሎ አይደለም፤ መሸንሸኑም ብዙዎች መሬታቸውን ሸጠው ባዶ እጃቸውን እንዲቀሩና ከብቱ የሚዘዋወርበት መንገድ በአጥር እንዲዘጋ ምክንያት ሆኗል። ዝናቡ ባልታወቀ ጊዜና ቦታ በሚጥልበት ማርሳቢት አንድ ቤተሰብ በአንድ ቁራሽ መሬት ተወስኖ ከብት ሊያረባ አይችልም። ለኩባንያ የሚመች ካርታ ለአርብቶ አደር የረሃብ ካርታ ሊሆን ይችላል።

የሌላው ወገን ክርክር

የነፋስ ማመንጫ ደጋፊዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ከኬንያ የኤሌክትሪክ ምርት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ከእንፋሎት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ነው። የቱርካናው ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ብቻውን ከአገሪቱ የተገጠመ አቅም ከአሥር እጅ አንዱን በልጧል፤ በኪሎ ዋት ሰዓት 7.52 የዩሮ ሳንቲም የሆነው ዋጋውም በናፍጣ ከሚመነጨው በእጅጉ ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት አሥር ዓመት በፍርድ ቤት ከተጎተተ ባለሀብት ይሸሻል፣ የሚመጣውም አደጋውን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ያን የሚከፍለው ናይሮቢ ያለው የኪራይ ቤት ነዋሪም ጭምር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው መልስ ስለ ፍትሕ ብቻ አይደለም፤ የሂሳብም ነው። ኬንያ ውስጥ ሌሊት የኃይል ፍላጎት ይቀንሳል፤ የቱርካና ነፋስ ግን ሌሊትም ይነፍሳል። ስለዚህ ተርባይን እንዲቀንስ የሚታዘዝበት፣ ወይም እንፋሎት በከንቱ ወደ አየር የሚለቀቅበት ሰዓት አለ። “ተጨማሪ ማመንጫ” ሲባል ነዋሪው “ለማን?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም፤ የዓለም ባንክም በ2012 ከቱርካናው ፕሮጀክት ሲወጣ ከሰጋባቸው ነገሮች አንዱ አገሪቱ ያን ሁሉ ኃይል መጠቀም ትችላለች ወይ የሚለው ነበር።

የጤናውን ስጋት በተመለከተ ድምፅ እንቅልፍ ሊነሳና ሊያሰለች እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ፤ በቀጥታ በሽታ ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ዋናው ነገር ርቀት ነው፤ ርቀት ደግሞ ሰው በተጠጋጋበት ደጋ ውድ ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ በአዳማ 34፣ ቀጥሎም 102 ተርባይኖች ተክላለች፤ በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ 84። አይሻና አሰላ ተከትለዋል። ለእኛ ነፋስ ልዩ ጥቅም አለው፤ በበጋ የግድቦች ውሃ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል። የመሬቱ ሕግ ግን ከኬንያ ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ እንደ ኪናንጎፕ “አልፈርምም” ብሎ ፕሮጀክት ማቆም የሚያስችል ወረቀት በማንም እጅ የለም። ቅሬታው የሚወጣው በካሣ በር ነው፦ መጠኑ አነሰ፣ ዘገየ፣ ለእከሌ ተከፍሎ ለእኔ ቀረ።

በዚህ በኩል ሕጉ ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺ ገበሬ የዓመታዊ ገቢውን አማካይ አሥር እጥፍ ሲያስከፍል፣ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳድጎታል፤ ስሌቱንም ከአማካይ ወደ ከፍተኛው ዓመት አዙሮታል። ደብተር ላለው የደጋ ገበሬ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አዋጁ ለወል መሬትም ካሣ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም ለአርብቶ አደሩ ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን እንደ አይሻ ባለ የሶማሌ ክልል የአርብቶ አደር ቦታ የግጦሽ መሬቱ የማን ጎሣ፣ በየትኛው ወር፣ ከየት እስከ የት ነው የሚለው ተመዝግቦ ካልተቀመጠ፣ ሕጉ የሰጠውን ካሣ ማን ቀርቦ ይቀበለው? ማርሳቢት የገባችበት አጣብቂኝ ይህ ነው፤ የእኛ ቆላዎችም ከዚህ አላመለጡም።

ቀጣዩ ማመንጫ

በማርሳቢት ተጨማሪ የነፋስ ማመንጫዎች የመትከል ሐሳብ አልሞተም፤ ነፋሱ እዚያው ስላለ ሊሞትም አይችልም። ከእንግዲህ የሚመጣ አልሚ ግን የሚጠብቀው የ2007ቱ ሕግ አይደለም። በ2016 የወጣው የማኅበረሰብ መሬት አዋጅ የአደራውን ሥርዓት ሽሮ መሬቱን ማኅበረሰቡ ራሱ በስሙ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። መጀመሪያ ማኅበረሰቡ አባላቱን በስም ይዘረዝራል፣ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ድንበሩን ያስለካል። ከዚያ በኋላ አንድ ባለሀብት መጥቶ ሊዋዋል ቢፈልግ ውሉ የሚጸናው ከማኅበረሰቡ አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ጉባኤ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ ነው።

በወረቀት ሲታይ ከዚህ የተሻለ መጠየቅ ይከብዳል። አፈጻጸሙ ግን አዲስ ጠብ ሊወልድ ይችላል። ሬንዲሌና ሳምቡሩ፣ ቱርካናና ገብራ እየተፈራረቁ የሚያጠጡባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ድንበር ይለካ ሲባል ጉድጓዱ በማን ካርታ ውስጥ ይግባ? የነፋስ ገንዘብ ይመጣል ተብሎ ከተወራ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን ድንበሩን ወደ ነፋሱ መሳቡ አይቀርም።

ሌላም ተራ የሚመስል ችግር አለ። በድርቅ ወራት ወጣቶቹ ከግመሎቹ ጋር ብዙ ቀን የሚያስኬድ ርቀት ላይ ናቸው፤ መንደር የሚቀሩት አረጋውያን፣ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። በዝናብ ወራት ሰዉ ይሰበሰባል፤ ያኔ ደግሞ መንገዱ በጎርፍ ይቆረጣል፣ የመዝገብ ሹሙ መኪና አያልፍም። ሁለት ሦስተኛውን አዋቂ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ለማስቀመጥ ጉባኤው በየትኛው ወር ይጠራ የሚለውን አዋጁ አይናገርም።